ጭላዳው፣ ቺምፓንዚው እና የእግዚአብሔር መልክ



ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ የተጓዘ ሰው አገሩን አይረሳውም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ግራና ቀኙ የገብስ ማሳና የበግ መንጋ ነው። ወደ አንኮበር ሲቃረቡ ሜዳው በድንገት ያልቅና ገደሉ ይጀምራል። በዚያ አፋፍ ላይ ጭላዳዎች ተሰብስበው ሣር ሲግጡ ይታያሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ጋር ለጸሎት ወጥተን በዚያ ስናልፍ መኪናውን አቁመን ወረድን። አንዲት እናት ጭላዳ ልጇን አቅፋ ጠጉሩን እየገለጠች ታጸዳለት ነበር። አጠገቤ የቆመ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ፓስተር፣ የባዮሎጂ መምህራችን ሰውና ቺምፓንዚ ከመቶ ዘጠና ስምንት እጃቸው አንድ ነው ብለውናል። እውነት ነው? እውነት ከሆነስ እኛ ምንድን ነን?” አለኝ።

ጥያቄውን ስሰማ ደነገጥኩ። የደነገጥኩት ጥያቄው አዲስ ስለሆነብኝ አይደለም፤ ከዚያ በፊት ተጠይቄ መጥፎ መልስ ሰጥቼ ስለነበር ነው። አገልግሎት በጀመርኩባቸው ዓመታት አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እህት ይህንኑ ጠይቃኝ ነበር። እኔም ምንም ሳላነብና ሳልጠይቅ በሚቀጥለው እሑድ መድረክ ላይ ቆሜ፣ “ይህ መመሳሰል የሚባለው ነገር እግዚአብሔርን የማይፈሩ ሰዎች የፈጠሩት ውሸት ነው” ብዬ ሰበክሁ። ጉባኤው “አሜን!” አለ። እርሷ ግን በትምህርቷ ያረጋገጠችውን ነገር ፓስተሯ ውሸት ሲለው ሰማች። ከዚያ በኋላ መምጣት አቆመች። ቆይቼ ሳገኛት፣ “ፓስተር፣ በማውቀው ነገር ካልታመኑልኝ፣ በማላየው በትንሣኤው እንዴት ልመንዎት?” አለችኝ።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚህ ነው። ልጆቻችን ይህን ጥያቄ መጠየቃቸው አይቀርም። እኛ ካልመለስንላቸው ሌላ ይመልስላቸዋል፤ በውሸት ከመለስንላቸው ደግሞ ከውሸቱ ጋር ወንጌሉንም ይጥሉታል።

መጀመሪያ ስሞቹን እንለይ

ዝንጀሮ መላ አካሏን እሾህ ወግቷት፣ “ከየትኛው እንጀምርልሽ?” ቢሏት “መጀመሪያ የመቀመጫዬን” አለች ይባላል። እኛም ከሥሩ እንጀምር። በቋንቋችን ጦጣ፣ ዝንጀሮ፣ ጭላዳ፣ ጉሬዛ የሚሉ ስሞች አሉን። ቺምፓንዚ ግን በአገራችን ዱር ስለማይኖር በተውሶ ስሙ እንጠራዋለን። ብዙ ጊዜ ሁሉንም አንድ ላይ ጠቅልለን “ዝንጀሮ” ስለምንላቸው ነገሩ ይምታታብናል።

ጭላዳ ጅራት ያለው፣ ደረቱ ላይ ጠጉር የሌለው ቀይ ምልክት ያለበት፣ ወንዱ እንደ አንበሳ ጎፈር የሚያወጣ እንስሳ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ በዱር የትም አይገኝም። ዋና ምግቡ ሣር ነው፤ ተቀምጦ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ እየቆነጠረ ሲበላ ይውላል። ሲመሽ ገደል ገብቶ ያድራል።

ቺምፓንዚ ጅራት የለውም። ከጎሪላ፣ ከቦኖቦና ከኦራንጉታን ጋር በአንድ ወገን ይመደባል፤ የሚኖረውም ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ባሉ ደኖች ነው። ብዙዎቻችንን የሚያስገርመው ደግሞ ይህ ነው፦ በአካሉ አሠራርና በዘር ቅንጣቱ ሲመረመር ቺምፓንዚ ከጭላዳ ይልቅ ለሰው ይቀርባል። እኛ ሁለቱን “ዝንጀሮ” ብለን ብንጠራቸውም፣ ቺምፓንዚ ከጭላዳ ጋር ያለው ርቀት ከእኛ ጋር ካለው ይበልጣል።

መመሳሰሉ ምን ያህል ነው?

ከአካል እንነሣ። አዋቂ ቺምፓንዚ እንደ እኛ 32 ጥርስ አለው። በጣቶቹ ላይ ያለው ጥፍር እንጂ እንደ ድመት ሹል ጥፍር አይደለም። እናቲቱ ስምንት ወር ያህል ታረግዛለች፤ ልጇንም አራትና አምስት ዓመት ታጠባለች። አሜሪካኖች ሰውን ወደ ጠፈር ከመላካቸው በፊት እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 1961 ሃም የተባለ ቺምፓንዚ የላኩት አካሉ የሰው አካል የሚደርስበትን ያሳያል ብለው ነው።

ይህ መቀራረብ የሚያሳዝን ጎንም አለው። ብዙ ወገኖቻችንን የቀጠፈው የኤች አይ ቪ ቫይረስ ዋነኛው ዓይነት ከመካከለኛው አፍሪካ ቺምፓንዚዎች ወደ ሰው የተሻገረ መሆኑ ታውቋል። ሳይንቲስቶች እንደሚሉት የተሻገረው በአደን ጊዜ በደም ንክኪ ሳይሆን አይቀርም። በሽታው ወደ እኛ ገብቶ መኖር የቻለው አካላችን ስለሚመሳሰል ነው። ያን ጊዜ አንዳንዶቻችን ከመድረክ ስለዚህ በሽታ የተናገርነውን ሳስታውስ፣ አለማወቅ ምን ያህል የታመሙትን እንደሚጎዳ ይሰማኛል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በእያንዳንዱ የሰውነታችን ሕዋስ ውስጥ ዲኤንኤ የሚባል፣ ሦስት ቢሊዮን ያህል “ፊደላት” ያሉት መመሪያ አለ። የቺምፓንዚ ዲኤንኤ እ.ኤ.አ. በ2005 ተነቦ ከሰው ጋር ሲነጻጸር፣ ፊደል በፊደል ትይዩ ሊቀመጥ በሚችለው ክፍል ልዩነቱ ከመቶ 1.2 ገደማ ሆኖ ተገኘ። “ዘጠና ስምንት” ወይም “ዘጠና ዘጠኝ ከመቶ” የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው። ከመቶ 1.2 ትንሽ ይመስላል እንጂ 35 ሚሊዮን ያህል ፊደል ነው። በአንዱ ኖረው በሌላው የታጡት ክፍሎች ሲጨመሩ ደግሞ ልዩነቱ ወደ ከመቶ 4 ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2025 የቺምፓንዚና የሌሎቹም ጂኖም ከዳር እስከ ዳር ተሟልቶ ሲታተም፣ በቀጥታ ትይዩ ሊቀመጡ የማይችሉት ክፍሎች ከታሰቡ ልዩነቱ ከመቶ ከ10 በላይ እንደሚሆን ታየ።

ታዲያ የትኛው ነው እውነት? ሁሉም ነው። አንድን መጽሐፍ ሁለት ሰዎች በእጃቸው ገለበጡት እንበል። የተሳሳቱትን ፊደላት ብቻ ብትቆጥሩ አንድ ቁጥር ታገኛላችሁ። የተዘለለውን ገጽና ሁለት ጊዜ የተጻፈውን ምዕራፍ ብትጨምሩ ሌላ ቁጥር ታገኛላችሁ። አንዳንድ ክርስቲያኖች የ2025ቱን ቁጥር ይዘው፣ “አያችሁ፣ 98 ከመቶ ያሉን ውሸት ነበር!” ይላሉ። ወገኖቼ፣ እንዲህ ባንል ይሻላል። በየትኛውም አቆጣጠር ከእንስሳት ሁሉ ለሰው እጅግ የሚቀርቡት ቺምፓንዚና ወንድሙ ቦኖቦ ናቸው።

ጠባያቸውስ?

ጄን ጉዶል የምትባል እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ1960 በታንዛኒያ ጎምቤ በሚባል ደን ውስጥ ቺምፓንዚዎችን ማጥናት ጀመረች። ቺምፓንዚው የሣር ዘንግ ወስዶ ምስጥ ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ የነከሱትን ምስጦች እየመዘዘ ሲበላ አየች። ቅጠሉን ከቀንበጡ ላይ ገፍፎ መሣሪያውን ሲያዘጋጅም ተመለከተች። እስከዚያ ድረስ “ሰው ማለት መሣሪያ የሚሠራ ፍጥረት ነው” ይባል ነበር። ከ1974 እስከ 1978 ደግሞ የአንዱ መንጋ ወንዶች ከእነርሱ ተለይተው የሄዱትን እያደፈጡ ሲገድሉ ተመዘገበ። ርኅራኄም ጭካኔም አይተንባቸዋል።

የራሳችን ጭላዳም የሚነግረን አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ወንድ ጭላዳ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ የሚያወጣው አንድ ዓይነት ድምፅ ምቱ ከሰው ንግግር ምት ጋር ይቀራረባል። በገደል አፋፍ ቁጭ ብሎ የሰማቸው እረኛ ሰው የሚያወራ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ልዩነቱም እውነት ነው። የሰው አንጎል ከቺምፓንዚ አንጎል ሦስት እጥፍ ያህል ይበልጣል። የሰው ልጅ በቋንቋ ያለፈውን ይተርካል፣ የሚመጣውን ያቅዳል፣ አያቱ የደረሰችበትን እውቀት ተቀብሎ ይጨምርበታል። ቺምፓንዚ ምስጥ ያወጣል፤ ስለ ቺምፓንዚ ግን ጽሑፍ አይጽፍም። “እኛ ምንድን ነን?” ብሎ ፓስተሩን የጠየቀውም ያ ተማሪ እንጂ በገደሉ ላይ የነበሩት ጭላዳዎች አይደሉም።

ሳይንስ የሚለውና የማይለው

“ሰው ከዝንጀሮ መጣ” የሚለውን አባባል ሁላችንም ሰምተናል። ሳይንቲስቶች ግን ዛሬ ካለው ቺምፓንዚ ወይም ጭላዳ ሰው ወጣ አይሉም። የሚሉት፣ ከስድስትና ሰባት ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የሰውና የቺምፓንዚ ጥንተ ዘር አንድ ነበረ፣ ከዚያ በኋላ መንገዳቸው ተለያየ ነው። ከማስረጃዎቻቸው አንዱ ይህ ነው፦ ቺምፓንዚ 48 ክሮሞዞም ሲኖረው ሰው 46 አለው፤ የሰው ሁለተኛው ክሮሞዞም ሲመረመር በቺምፓንዚ ሁለት ሆነው ያሉት ተገጣጥመው አንድ የሆኑ ይመስላል።

ሌላው ማስረጃቸው ከእኛ ደጃፍ የሚርቅ አይደለም። አንኮበር ላይ ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ብትመለከቱ ምድሩ ወደ አዋሽና ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። በዚያው በአፋር ምድር፣ ከአንኮበር ወደ ሰሜን ራቅ ብሎ ሐዳር በተባለ ቦታ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1974 ድንቅነሽ ተገኘች። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተብሎ ይገመታል። በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ ነበር፤ አንጎሏ ግን ከቺምፓንዚ ብዙም አይበልጥም ነበር። ከእርሷም በፊት የነበረችውና 4.4 ሚሊዮን ዓመት የሚገመትላት አርዲ የተገኘችው በዚያው በአዋሽ ሸለቆ ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ በጌታ በኢየሱስ የሚያምኑ ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አሳብ የላቸውም። አንዳንዶች የዘፍጥረትን ስድስት ቀናት እንደ እኛ ቀን ቆጥረው የሳይንቲስቶቹን ዘመን አይቀበሉም። ሌሎች ቀናቱን ረጅም ዘመናት ያደርጓቸዋል። ሌሎች ደግሞ እግዚአብሔር ሕይወትን የፈጠረው በዚሁ በረጅሙ ሂደት ውስጥ ነው ይላሉ፤ የሰው ጂኖም ፕሮጀክትን የመሩት ወንጌላዊ አማኝ ፍራንሲስ ኮሊንስ ከእነዚህ አንዱ ናቸው። እኔ በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት የተማርኩትን ይዤ፣ ሰው በአጋጣሚ ያልተገኘና በእግዚአብሔር ፈቃድና እጅ የተፈጠረ መሆኑን ያለ ጥርጥር አምናለሁ። እግዚአብሔር እንዴት እንደ ሠራው ግን በትዕግሥት የምንነጋገርበት እንጂ እርስ በርሳችን የምንወጋገዝበት ጉዳይ አይመስለኝም።

ቃሉስ ምን ይላል?

ብዙዎቻችን መጽሐፍ ቅዱስ ሰውን ከእንስሳ ፈጽሞ የሚለይ ይመስለናል። እስቲ ረጋ ብለን እናንብበው። በዘፍጥረት 1፥24-31 የምድር አራዊትና ሰው የተፈጠሩት በአንድ ቀን፣ በስድስተኛው ነው። ለሰው ለብቻው የተመደበ ቀን የለም። በዘፍጥረት 2፥7 ሰው ከምድር አፈር ተበጀ፤ በዚያው ምዕራፍ በቁጥር 19 አራዊትም ከምድር ተበጁ። ስለ አዳም “ሕያው ነፍስ” ተብሎ የተተረጎመው የዕብራይስጥ ቃል ስለ እንስሳትም ተጽፏል። መክብብ 3፥19-20 ደግሞ ሰውና እንስሳ እስትንፋሳቸው አንድ እንደ ሆነ፣ ሁለቱም ወደ አፈር እንደሚመለሱ ይናገራል። እንግዲህ አካላችን የእንስሳትን አካል መምሰሉ ቃሉን የሚያፈርስ ሳይሆን ቃሉ ቀድሞ የነገረን ነገር ነው።

ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? ዘፍጥረት 1፥26-27 እግዚአብሔር ሰውን በመልኩ እንደ ፈጠረና ምድርን እንዲያስተዳድር ኃላፊነት እንደ ሰጠው ይነግረናል። ልብ በሉ፣ መልኩ በአንጎላችን ትልቅነት ወይም በጥርሳችን ቁጥር ተለክቶ አልተሰጠንም። እግዚአብሔር ጠራን፣ አነጋገረን፣ አደራ ሰጠን። ክብራችን ከሰጪው ነው እንጂ ከተሠራንበት አፈር አይደለም። መዝሙረኛውም በመዝሙር 8 ሰማያትን አይቶ የሚደነቀው እግዚአብሔር ትንሹን ሰው በማሰቡ ነው።

ክብር በመቶኛ ሲሰፈር

ይህ ነገር የቃላት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላደከምኳችሁ ነበር። ነገር ግን ሰዎች የሰውን ክብር በመምሰልና ባለመምሰል ሲሰፍሩ ምን እንደሚደርስ ታሪክ አሳይቶናል።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1906 በኒው ዮርክ ብሮንክስ የእንስሳት መኖሪያ ውስጥ ኦታ ቤንጋ የሚባል የኮንጎ ተወላጅ በዝንጀሮዎች ቤት ከኦራንጉታን ጋር ለሕዝብ እንዲታይ ተደረገ። ሰው እየጎረፈ መጥቶ ሳቀበት። የተቃወሙት በቄስ ጄምስ ጎርደን የሚመሩ ጥቁር የባፕቲስት አገልጋዮች ነበሩ። በእነርሱ ጩኸት ከዚያ ወጣ፤ ልቡ ግን አልዳነም፤ በ1916 የገዛ ሕይወቱን አጠፋ። የእንስሳት መኖሪያውን የሚያስተዳድረው ድርጅት በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2020 ነው።

ይህ የፈረንጅ ኃጢአት ብቻ አይደለም። ሚስዮናዊው ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1839 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከተማ ወደ አንኮበር በመጣበት ዘመን፣ ከከተማው ቁልቁል በአልዩ አምባ አካባቢ በነበረው ገበያ ሰው እንደ ከብት እየታየ ይሸጥ ነበር። ሻጩም ገዢውም የፈጣሪን ስም የሚጠራ ሰው ነበር። ዛሬ እንደምናውቀው በማናቸውም ሁለት ሰዎች መካከል ያለው የዲኤንኤ ልዩነት ከሺህ ፊደል አንድ ያህል ነው። ሻጩና የተሸጠው ከመቶ 99.9 አንድ ነበሩ። መመሳሰሉ ግን ያን ባሪያ አላዳነውም። አያችሁ? ክብርን በመቶኛ የሚሰፍር ሰው 99.9ም አይበቃውም።

ወደ ቤታችን ደግሞ እንምጣ። በጉባኤያችን ውስጥ ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ልጆች የወለዱ ቤተሰቦች አሉ። እነዚህ ልጆች በአብዛኛው 46 ሳይሆን 47 ክሮሞዞም አላቸው። ሰው መሆን በቁጥር ቢሆን ኖሮ ምን ልንላቸው ነው? አንዳንድ ወላጆች አፍረው ልጃቸውን ጓዳ ይደብቃሉ። እናትዬ፣ አባትዬ፣ የደበቃችሁት የእግዚአብሔርን መልክ ነው። እሑድ ይዛችሁት ኑ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. ወላጆችና የወጣት አገልጋዮች፣ ልጆች ሲጠይቋችሁ አትቆጡ። የማታውቁትን “አላውቅም፣ አብረን እንፈልግ” በሉ። የባዮሎጂ መምህሩን ጠላት አታድርጉት፤ ስንቱ መምህር በዚያው ወንበር ላይ አብሮን የሚያመልክ ወንድም ነው!

2. ወጣቶች፣ በደንብ ተማሩ። የአካላችሁን አሠራር ማወቅ ከእምነት አያወጣችሁም። ነገር ግን “98 ከመቶ ቺምፓንዚ ነህ” የሚላችሁ ሰው ስለ አፈራችሁ ነገራችሁ እንጂ ስለ ማንነታችሁ ነግሮ አልጨረሰም።

3. ሁላችንም አንደበታችንን እንጠብቅ። በተናደድን ጊዜ ሰውን “ጦጣ”፣ “ዝንጀሮ” ማለት ቀልሎናል፤ ሌላውን ብሔር ወይም የሌላውን ሠፈር ልጅ በእንስሳ ስም መጥራት በዚህች አገር ምን እንዳስከተለ እናውቃለን። ያዕቆብ 3፥9-10 እግዚአብሔርን በምንባርክበት አፍ በአምሳሉ የተፈጠረውን ሰው መርገም እንደማይገባ ያስተምረናል።

4. ለእንስሳቱም እንራራ። ምሳሌ 12፥10 ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ ይናገራል። ጭላዳ ገብስ ማሳ ሲገባ ገበሬው እንደሚቸገር አውቃለሁ፤ መጠበቅና ማባረር ተገቢ ነው። ለጨዋታ በድንጋይ መፈንከት ግን ምድርን እንዲጠብቅ አደራ የተሰጠው ሰው ሥራ አይደለም። የመንዝ ሰዎች የጓሳን ምድር ለዘመናት በራሳቸው ሥርዓት ጠብቀው፣ ዛሬ ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም በዚያ ይኖራል። ይህ ሊያስመሰግናቸው ይገባል።

ያን ቀን በአንኮበር መንገድ ላይ ለዚያ ተማሪ የመለስኩለት አጭር ነው። “መምህርህ የነገሩህ እውነት ነው። እግዚአብሔርም የነገረህ እውነት ነው። አፈርህ ከእነዚህ ጋር አንድ ነው፤ ጠሪህ ግን በስም ጠርቶሃል” አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ ጭላዳዎቹን ሲያይ ቆየና፣ “እንግዲያው መጣላት የለብኝም” አለ። ከማን ጋር እንደ ሆነ አልጠየቅሁትም።

ያችን እህት ከዓመታት በኋላ ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅኋት። ይቅር ብላኛለች። ወደ ጉባኤ ግን እስካሁን አልተመለሰችም። ይህን ጽሑፍ ስታነቡ ስለ እርሷና እንደ እርሷ ስለ ተሰናከሉት ሁሉ እንድትጸልዩ እለምናችኋለሁ።

ጌታ ይባርካችሁ።